የጤፍ ፍሬና የጤፍ ጭድ፦ ስታርች ከሴሉሎስ ጋር ሲነጻጸር

ፍሬውን እኛ እንበላለን፣ ጭዱን ከብት። የሚገርመው ግን የፍሬው ስታርችም (ጉልበት የሚሰጠን ክፍል) ሆነ የጭዱ ሴሉሎስ (ጭዱን የሚያጠነክረው ክፍል) የተሠሩት ከአንድ ስኳር ነው፤ ከግሉኮስ። 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን። በቃ።

ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ የሚያያዙት አልፋ በሚባል ትስስር ስለሆነ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ምግብ የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ይህን ትስስር ይቆርጠዋል። ቂጣ ቶሎ ሳትውጡ ደጋግማችሁ አላምጡት፤ ጣፈጥ ማለት ይጀምራል። ማልቶስ የሚባለው ስኳር እየወጣ ነው ማለት ነው። ዱቄቱ ላይ አዮዲን ጠብ ብታደርጉበት ደግሞ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ አዮዲኑ ጥምዝምዙ ውስጥ ስለሚገባ።

የሴሉሎስ ትስስር ቤታ ነው። እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጅን ትስስር ይጣበቃሉ። የጭቃ ቤት ግድግዳ እንዳይሰነጣጠቅ ጭድ የሚገባበት ለዚህ ጥንካሬው ነው። ይህን ትስስር የሚቆርጥ ኢንዛይም እኛ የለንም። ላምም ራሷ የላትም! ሥራውን የሚሠሩላት ሆዷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ለጉልበት ከሆነ ምርጫችን ስታርች ነው። ሴሉሎስንም ግን አትናቁት። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ እንጀራችን ውስጥ አለ፤ ሆዳችን ሳይፈጨው ያልፋል፣ አንጀትንም ያንቀሳቅሳል።