«አሳማ ነው፣ ምን ይሆናል!»

ቢሾፍቱና አካባቢዋ አሳማ የምታረቡ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ሆሄ ብገድፍ እለፉኝ።

እነዚህን የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ፣ የቫይታሚን ካርቶን ቁልል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል»። ጡት ያስጣልኳቸው 11 ግልገሎች ተቅማጥ ይዟቸው ከሱብኝና ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለሆድ ደህና የሆነ ሕያው ባክቴሪያ ፍለጋ ገባሁ። ልጁ ሁለት ባለ አንድ ኪሎ ከረጢት አወረደልኝ፣ አንዱ 1,900 ብር። «በሦስት ሳምንት ታይዋለሽ» አለኝ። ያወረደው ፀሐይ ከሚጠብሰው መስኮት ነው። ሕያው ባክቴሪያ የሚሸጥ ሰው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል? ይሄ ያኔ አልታየኝም፤ ብሩን ቆጠርኩለት።

ቤት ገብቼ ከፉርሽካ ጋር ላደባልቅ ስከፍተው ዱቄቱ ቢጫ። ቢጫውንማ አውቀዋለሁ፣ ዶሮ ሳረባ ስንቴ በውሃ በጥብጫለሁ። እጄ እርጥብ ነበርና ስቲከሩ ተንሸራተተ። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ፦ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ጊዜው ካለፈ ሰባት ወር። ለሆዳቸው ደህና ባክቴሪያ ገዛሁ ብዬ ያለውንም የሚጨርስ ተሸክሜ መጣሁ!

ይዤው ተመለስኩ። አራት ሰው ቆሟል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስቲከሩን ሳሳየው ከረጢቱን እንኳ አልነካውም። ጮክ ብሎ፣ «ለአሳማዎቹ ነው አይደል እናቴ? አሳማ ነው፣ ምን ይሆናል! እንዲያውም ይሄኛው ነው የሚያሳድገው» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች። ልጁ ፈገግ ሲል ገባኝ፤ በዚህ አገር አሳማ የሚያረባ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንደማይጨቃጨቅ ያውቃል። አውቆ ነው የጮኸው። እኔም ከረጢቴን አቅፌ ወጣሁ። ብሩስ ይሁን፤ አንገቴን ደፍቼ መውጣቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«ያሳድገዋል» ላለው፣ የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ ከመኖ ጋር መስጠትን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሏል፤ ስዊድንማ ከ1986 ጀምሮ። ተህዋሲው መድኃኒቱን ሲለምደው ነገ ለልጆቻችንም አይሠራም። ቢጫውን ባላውቀው ኖሮ ለሆቴል ሊታረዱ ጥቂት ቀን ለቀራቸውም አብሬ ልሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ ከሥጋው ጋር ሰው ሆድ ሊገባ!

ብቻ ስቲከሩን እዚያው በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ደረሰኝ ከሌለ ጥላችሁ ውጡ።

ሐኪም ነገ ጠዋት ይመጣል ተብያለሁ። ከ11ዱ 9 ቀርተዋል።