ሦስት ጊዜ የገዛሁት የሞተር ድራይቨር

የዋንዛው ሳንቃ የተበላሸው ሥራው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ለአንድ የሳሎን በር የታዘዘ የሐረግ ቅርጽ ነበር። መብራት ሄደ፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚቀርጸው ማሽኔ ቆመ፤ እኔም ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው አልጠፋም። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው፣ ለሞተሮቹ ትእዛዝ የሚሰጠው ትንሽ ቦርድ አርዱዊኖም አልጠፋም። ሞተሮቹ ሞተው ሳለ ሁለቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመለስ እንጨቱን የሚፈለፍለው ራውተር እየጮኸ ተነሣ፤ ሞተሮቹም ሳይነቃነቁ ከቆዩበት ቦታ ሆነው፣ ፕሮግራሙ በሌሉበት ከደረሰበት መስመር ሥራ ጀመሩ። ሐረጉ አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ሸሽቶ በራሱ ላይ ተቀረጸ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰው ለቤት ሠራሽ ሲኤንሲ (እንዲህ በኮምፒውተር ለሚታዘዝ ማሽን) ድራይቨር፣ ማለትም ትእዛዙን ሞተሩን ወደሚያዞር ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ፣ ሲመርጥ የሚጠይቀው ስለ አምፔርና ስለ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኮልፌ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት በማቃጠል ነው። የማሽኑን አካል ከቱቦላሬ ራሴ በየድኩት፤ የሚቀርጸው ስፋት 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። የሞተር መቀመጫዎቹን ቶርኖ ቤት አሠራሁ። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ ሥዕሌን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ብረቱን ለእኔ ተወው ልጄ፤ አንተ ስለ ሽቦህ አስብ» አሉኝ። አላሰብኩም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ገዛሁ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደብተሬ ላይ ያለው ዋጋ ሁሉ የታሪክ ሰነድ ሆኗል፤ ዕቃው የሚመጣውም ከቻይና ወይም ከዱባይ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ስለሆነ የሻንጣው ባለቤት ልብ ጭምር ይቆጠራል። በንጽጽር ግን ልናገር፦ አርዱዊኖው፣ በላዩ የሚደረበው ማገናኛ ቦርድ ሺልዱና አራት ትንንሽ ድራይቨሮች በአንድ ጥቅል የተገዙበት ዋጋ፣ በኋላ የገዛሁት የአንድ ዲኤም542 ድራይቨር ዋጋ ያህል ነበር።

ሞተሮቼ እርምጃ በእርምጃ የሚዞሩ፣ ኔማ 23 የሚባሉ አራት ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው የፊት ገጹን ስፋት ብቻ ነው፤ 2.3 ኢንች፣ ማለትም 57 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለ ጉልበቱ ለማወቅ የሞተሩን ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል፤ የእኔዎቹ 1.26 ኒውተን ሜትር፣ 2.8 አምፔር፣ 2.5 ሚሊሄንሪ ይላሉ። የመጨረሻዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ግዢዬ ኤ4988 የሚባለው ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ከፍ የሚል፣ ቀዩ ሺልድ ላይ የሚሰካ። 2 አምፔር ይችላል ተብሎ ይሸጣል። ይህን የሚችለው የሙቀት ማስወገጃ ተለጥፎበት አየር ማራገቢያ ሲነፋበት ነው፤ ያለ እነርሱ 1 አምፔር አካባቢ ላይ መቆም ይሻላል። ለአህያ የታሰበ ጭነት ፍየል ላይ ጫንኩ ማለት ነው። የአምፔሩ መጠን የሚስተካከለው ትንሽ ብሎን በማዞር ሲሆን ቴስተር ይዞ ቮልቱን መለካት ያስፈልጋል። ቦርዱ ላይ ያለው ሬዚስተር 0.1 ኦም ከሆነ ለ1 አምፔር 0.8 ቮልት ይነበባል፤ ነገር ግን 0.05 ወይም 0.068 ኦም የተገጠመባቸውም ስለሚሸጡ፣ ሬዚስተሩን ሳያነቡ ስሌቱን መገልበጥ አምፔሩን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ይህን እያሰላሁ ካቻቪቴዬ ሸርተት አለ። ብልጭታ፣ ሽታ፣ ጸጥታ።

የተረፉት ሦስቱና መለዋወጫው ለአንድ ወር ሠሩ። ችግራቸው መድከማቸው አይደለም፤ ደክሞኛል አለማለታቸው ነው። ቺፑ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ሞተሩ ያልተራመዳቸውን እርምጃዎች አርዱዊኖው እንደተራመዱ ቆጥሯቸዋል። የእነዚህ ማሽኖች አሠራር ሁሉ እንዲህ ነው፦ መቆጣጠሪያው ያዘዘውን ያውቃል እንጂ የሆነውን አያውቅም። ሞተሩ ላይ ዓይን የለውም። ስለዚህ ዕቃ ስመርጥ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የታዘዘው ሳይሆን ሲቀር ምን ይፈጠራል? ኤ4988 ለዚህ መልስ የለውም። ለትንሹ ኔማ 17ና እስክሪብቶ ይዞ ወረቀት ላይ ለሚሥል የልጆች ማሽን ግን አይከፋም።

ሁለተኛው ግዢ ቲቢ6600 ነው፤ ጥቁር ክንፋም ሙቀት ማስወገጃ ጀርባው ላይ ያለው፣ እስከ 4 አምፔርና እስከ 42 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው። በአምፔር በኩል ሞተሬን ይመጥናል፤ ማስተካከያውም በትንንሽ ማብሪያዎች ስለሆነ ካቻቪቴ አያንሸራትትም። አንዱን ፈትቼ ሳየው ውስጡ ያለው ቺፕ በስሙ ከተጻፈው የተለየ ነው፤ በርካሾቹ ዘንድ የተለመደ ነገር መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ቀስ ብሎ ሲሄድ ጥሩ ነው። በደቂቃ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ግን ማሽኑ እንደ ታመመ በሬ ያጉረመርማል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እርምጃ ይዘላል። አንደኛው በሦስተኛው ወር ሞተ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሳላጠፋ የሞተሩን ሽቦ ነቀልኩ። ሞተር ሲነቀል ጠመዝማዛው ውስጥ የነበረው ኃይል መሄጃ አጥቶ ድራይቨሩን ይመታዋል። በጀትዎ ከዚህ የማያልፍ ከሆነና ሥራዎ ኤምዲኤፍ ላይ ቀስ ብሎ የሚቀረጽ ከሆነ ቲቢ6600 ያስኬዳል። እኔ ዋንዛ ነው የምቀርጸው፤ ዋንዛ ደግሞ ለሙከራ የሚገዛ እንጨት አይደለም።

ሦስተኛው ዲኤም542 ነው። ስሙ የሊድሻይን ኩባንያ ሞዴል ቢሆንም ዛሬ በዚሁ ስም የሚሸጠው ብዙ ነው፤ የእኔዎቹም የማን እንደሆኑ አልምልም። ከ20 እስከ 50 ቮልት ይቀበላል። የአምፔር ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ከፍተኛውን፣ ሌላው ውጤታማውን መጠን ያሳያል፤ 2.84 የተጻፈበት መስመር በሌላው ዓምድ 2.03 ነው። እኔ ከ2.84 ጀመርኩ፤ ሞተሩ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላም እጄን ሳስቀምጥበት የሚያስችል ሙቀት ብቻ ስለነበረው ወደ 3.31 ከፍ አደረግሁ። ማሽኑ ሲቆም አምፔሩን በራሱ ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳንቃ ስቀይር ሞተሮቹ በከንቱ አይግሉም።

መጀመሪያ ባበራሁት ቀን የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅ የለውም። ያ ማጉረምረም ጠፋ። አሁን ባዶውን በደቂቃ 4,000 ሚሊ ሜትር ይሮጣል፣ እርምጃም አይዘልም።

የፍጥነቱ ግማሽ ምስጋና ግን የፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ያቺ 2.5 ሚሊሄንሪ እዚህ ትመጣለች። ጠመዝማዛ ሽቦ አምፔርን ወዲያው አይቀበልም፤ እንዲቀበል የሚገፋው ቮልቱ ነው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ጊዜው ስለሚያጥር በ24 ቮልት አምፔሩ ሳይሞላ ቀጣዩ እርምጃ ይደርሳል፣ ጉልበቱም ይከዳል። ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት የሚሊሄንሪውን ስኩዌር ሩት በ32 ማባዛት ነው፤ ለእኔ 50 ቮልት ገደማ ይመጣል። ያ ጣሪያው ነው። በድንገት የሚቆም ሞተር እንደ ጄኔሬተር ቮልት ወደ ኋላ ስለሚመልስ 50 በሚችል ድራይቨር ላይ 50 አይሰጥም። እኔ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ገዛሁ። ጎኑ ላይ ያለችውን የ110ና የ220 መምረጫ ሳያዩ አይሰኩት።

ስለ አንጎሉ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ርካሹ በቂ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ የሚጫነው ጂአርቢኤል 1.1 የተባለ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን በሰከንድ እስከ 30,000 ምት፣ ማለትም የእርምጃ ትእዛዝ፣ ያመነጫል። የእኔ ሞተር በዙር 200 እርምጃ፣ እያንዳንዱ በስምንት ተከፍሎ 1,600፤ ዘንጉ በዙር 5 ሚሊ ሜትር ስለሚገፋ በሚሊ ሜትር 320 ምት ይሆናል። ሲካፈል በደቂቃ ከ5,600 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ማሽኔ ከሚሮጠው ይበልጣል። ማክ3 በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራውንና የድሮ ፕሪንተር መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር የሚፈልገውን ቦርድ አንድ ወዳጄ አውሶኝ ነበር፤ ቦርዱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ አሰለቸኝና መለስኩለት። ትልልቆቹ የቤት ዕቃ ቤቶች በቻይና ማሽኖቻቸው ላይ የሚይዙት በእጅ የሚያዘው፣ ዲኤስፒ የሚባለው መቆጣጠሪያ ጥሩ ነው፤ ኮምፒውተር አይፈልግም። ዋጋው ግን ከማሽኔ ብረት ይበልጣል።

ሺልዱን ለድራይቨሮቹ ማገናኛ ብቻ አድርጌዋለሁ። የአራቱም ድራይቨር የፑል (የእርምጃ) እና የዲር (የአቅጣጫ) ተቀናሽ እግሮች በአንድነት ወደ አርዱዊኖው ግራውንድ ይገባሉ፣ ተደማሪዎቹ ከየምልክታቸው ይያያዛሉ፤ ኤና (ማብሪያ) የሚለው ባዶ ይቀራል፣ ባዶ ሲሆን ድራይቨሩ ይሠራል። ሁለት ቀን ያባከነብኝን ደግሞ ልንገራችሁ፦ በቀዩ ሺልድ ሦስተኛ እትም ላይ የዜድ (የላይ ታቹ እንቅስቃሴ) መገደቢያ፣ ማለትም ጫፍ ሲደረስ የሚነካ ማብሪያ፣ ተብሎ የታተመው ቦታ ለጂአርቢኤል 1.1 የራውተሩ ፍጥነት መውጫ ነው፤ የዜድ ማብሪያ መግባት ያለበት ራውተር ተብሎ የተጻፈበት ላይ ነው። ሺልዱ የተሳለው ፕሮግራሙ ቦታዎቹን ከማቀያየሩ በፊት ነበር።

የመገደቢያ ማብሪያዎቹ ሽቦ ከራውተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ሲሄድ ማሽኑ ማንም ሳይነካው በድንጋጤ ይቆማል። ሽቦውን ለይቼ፣ መረብ ለበስ ገመድ ገዝቼ፣ መረቡን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጌ ቆመልኝ።

አሁን ወደ መብራቱ። ዲኤም542ም ቢሆን መብራት ሲሄድ ከላፕቶፑ ጋር አይነጋገርም፤ ያ የዋንዛ ሳንቃ የተበላሸው በእነዚሁ ውድ ድራይቨሮች ነው። መፍትሔው ከሁሉም ዕቃዎቼ ርካሹ ሆነ፦ አንድ ኮንታክተር (መብራት ሲሄድ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ)፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ቁልፍ። የራውተሩና የፓወር ሰፕላዩ 220 ቮልት በኮንታክተሩ ውስጥ ያልፋል። መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሲመለስ አረንጓዴውን እስክጫን ድረስ አይነሣም። ሲለቅ የሚዘጋው ትርፍ ነጥቡ ደግሞ ሺልዱ ላይ ሆልድ (ቁም) ከተባለው እግር ወደ ግራውንድ ተያይዟል፤ ስለዚህ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት አርዱዊኖው ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ የሆነውን ነገር ማወቅ ቻለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። መብራት ሲመለስ የቆመበትን ቦታ አላምነውም፤ ሞተሮቹ ሲጠፉ ትንሽ ይንሸራተታሉ። ወደ መገደቢያዎቹ ሄዶ መነሻውን እንዲፈልግ አደርጋለሁ። ጂ54 በሚባለው ኮድ የተመዘገበ የሥራ መነሻ በአርዱዊኖው ቋሚ ማህደር ውስጥ ስለሚቀር አይጠፋም፤ በጂ92 የተመዘገበው ግን ይጠፋል፣ ስለዚህ ጂ92ን ትቼዋለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከቆመበት ጥቂት መስመሮች ቀደም ብዬ አስጀምራለሁ።

ሞተሩ ላይ መቁጠሪያ ያላቸውና እርምጃ ሲጎድል ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ድራይቨሮችም አሉ። አልሞከርኳቸውም፤ የሚቀጥለው ሻንጣ ይዟቸው ይመጣ ይሆናል። እስከዚያው አራቱ ዲኤም542 አንድ ዓመት አልፏቸዋል፣ አንዱም አልተቀየረም። የተረፉትን ቲቢ6600ዎች ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት።

ትናንት አንድ ሳንቃ ስቀርጽ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለት ጊዜ ቡና ጠጣሁ፣ ሁለት ጊዜ አረንጓዴውን ተጫንኩ። መሰርሰሪያው የቆመባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ጸጉር የምታህል ጭረት አለች። ጣቴ ታገኛታለች፤ ደንበኛው ግን ሳንቃውን በእጁ ዳስሶ ሰጋቱራውን አራገፈና ተሸክሞት ሄደ።