ለመምህሩ በቃል መንገር ወይስ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት?

በጎንደር፣ የተጠየቀውን በቃል አጥርቶ የሚመልስ፣ ሲጽፍ ግን እጅግ የሚቸገር ልጅ ያላቸው ወላጆች በትምህርትና በፈተና ማመቻቸት እንዲደረግለት ከመምህሩ ጋር በቃል ሊስማሙ ወይም ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ሊያመለክቱ ይችላሉ።

የቃል ስምምነት ፈጣን ነው፤ መምህሩ ከፈቀደ ልጁ በማግስቱ መልሱን በአንደበቱ ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ መምህሩ ሲቀየር ስምምነቱ ይቀራል፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎችንም የሚያዘጋጀው እርሱ አይደለም።

ማመልከቻ ጊዜ ይወስዳል፣ የባለሙያ ማስረጃም ሊጠየቅበት ይችላል፤ ለዚህም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከተማው መኖሩ መልካም ዕድል ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ለተማሪው ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ ጥያቄው የመብት እንጂ የልመና አይደለም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት 231 ቅርጽ እንደሚይዙና ብዙዎቹ በትንሽ ጭረት ብቻ እንደሚለያዩ ያሰበ ሰው፣ የእንዲህ ያለውን ልጅ መዘግየት ስንፍና ሊለው አይገባም።

እኔ የማምነው በማመልከቻው ነው፤ የቃሉ ስምምነት እስከ ውሳኔው ድረስ ያግዝ። በደብዳቤው ላይ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ የቃል መልስና የተዘጋጀ የትምህርት ማስታወሻ ተለይተው ይጠየቁ፤ በወላጅ እጅ በሚቀረው ቅጂ ላይም የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይስፈር።