በ20 ድርሃም የገዛሁት ፓስፖርት

ሰሞኑን ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። «ኤክስፖ እኛም ጋ ሊመጣ ነው። አንቺ የዱባዩን አይተሻል፤ ገንዘብ ይወጣበታል ወይ?» አለችኝ። ኤክስፖ ማለት አገሮች እየተሰበሰቡ ራሳቸውን የሚያሳዩበት ዓለም አቀፍ ትርኢት ነው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

የሄድኩት በመጋቢት 2014፣ ሊዘጋ ትንሽ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ ዱባይ ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ዕረፍቴ አርብ ብቻ። መግቢያው 95 ድርሃም ነበር። ሜትሮው በሩ ድረስ ያደርሳል።

ውስጥ 20 ድርሃም ከፍዬ ቢጫ ፓስፖርት ገዛሁ። የእያንዳንዱን አገር ፓቪልዮን፣ ማለትም የማሳያ አዳራሹን፣ ስትጎበኙ ማኅተም ይመታበት ነበር። ዋናው ፓስፖርቴ አሠሪዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይሄኛው ግን እጄ ላይ ነው። በየመንገዱ እያወጣሁ አየው ነበር።

የተሳተፈው 192 አገር ነው። በአንድ ቀን አስር ያዳረሰ ጎበዝ ነው። ሰዉ ማኅተሙን ብቻ አስመትቶ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ እኔም እንደዛው ሆንኩ፣ አልዋሽም።

ያልረሳሁት የሆላንድን ነው። መግቢያው ላይ ነጭ ጃንጥላ ያድላሉ። በዚህ ሐሩር ጃንጥላ ምን ሊያደርግ? ውስጡ ጨለማ ነው። ጃንጥላውን ስትዘረጉት ፊልሙን እሱ ላይ ያበሩበታል። በመጨረሻ ከላይ ዝናብ ለቀቁብን! ውሃውን የሚያወጡት ከበረሃው አየር ነው፤ አትክልትና እንጉዳይም ያበቅሉበታል። ሰዉ እየሳቀ ቪዲዮ ያነሳል። እኔ ጃንጥላዬን አጠፍኩና ዝም ብዬ ቆምኩ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላደገ ሰው ዝናብ ብርቅ ሆኖ አይደለም። ሻሼ ከረጠበ ግን ቆይቶ ነበር።

ጣልያኖቹ የዳዊትን ሐውልት ቅጂ አቁመዋል። ተሰልፈን ገብተን ያየነው ከአንገት በላይ ነው። ሌላው አካሉ ከወለሉ በታች ነው። ለጭንቅላት ብቻ ያን ያህል ሰልፍ!

የእኛው ጋ ሉሲ አለች፣ ቡና አለ። የቡናው ሽታ ነው የጠራኝ። ረከቦቱ ፊት የተቀመጠችው ልጅ «አገርሽ የት ነው እህቴ?» አለችኝ።

«መንዝ።»

«ውይ፣ ብርዱ!» ብላ ሁለተኛ ሲኒ ቀዳችልኝ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ባና አላየሁም። የበግ ጸጉር ተፈትሎ የተሠራ ባና ፈረንጅ በእጁ ቢዳስስ ኖሮ ስለ ደጋችን ብዙ ማስረዳት ባላስፈለገ።

ምግቡ ውድ ነበር። ደግሞ ዓቢይ ጾም ነበር። ከቤት የተላከልኝን ዳቦ ቆሎ ከቦርሳዬ እየቆረጠምኩ ነው የዋልኩት። ውሃ ግን በነፃ ይቀዳ ነበር፤ ኮዳ መያዝ ብቻ ነው። ማታ እግሬ አብጦ፣ አል ወስል የሚባለው ትልቅ ጉልላት ሥር ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ቁመቱ ከ67 ሜትር ይበልጣል፤ መብራቱ ሲለቀቅበት ሰማዩ ሁሉ ሥዕል ይሆናል። በእኔ ሚዛን ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለሰልፉ ነው።

የሪያዱ የሚከፈተው በእኛ መስከረም 2023 ነው። ለአክስቴ ልጅ «በጠዋት ግቢ፣ ሰፊ ጫማ አድርጊ፣ ፓስፖርቱን አትለፊው» አልኳት።

የኔው አሁን መሐል ሜዳ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። የመጣሁ ለታ መነጽሯን አድርጋ አሥራ አንዱን ማኅተም አንድ በአንድ ቆጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼን ሁሉ አገር ዞረሽ ነው በአንድ ሻንጣ የመጣሽው?»