ለጎጃም ዋልካ የትኛው ሞተር? ከደብረ ማርቆስ ጋራዥ እስከ ጮቄ በቅሎ

ገጠር ላለ ቤተሰብ ኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ልግዛ ብላችሁ ለምታስቡ ዳያስፖራዎች ቁርጡን ልንገራችሁ። ከማሽኑ በፊት መካኒኩን ፈልጉ። ዘንድሮ አገር ቤት ገብቼ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች በሙሉ ወደዚሁ ነው የመለሱኝ።

ነገሩ የመጣው ከአጎቴ ነው። ኮሎራዶ ያለችኝን ባለ አራት ጎማ ሞተር በፎቶ አይቶ «ለእኛም ይሆናል እኮ» አለ። እኔ በረዶ እጠርግባታለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ተራራ እወጣባታለሁ። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ጤፉን ከማሳ ወደ አውድማ፣ ማዳበሪያውን ከከተማ ወደ ቤት፣ እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት የሚያደርስለት ይሻል። መሬቱ ደግሞ ቢቸና አካባቢ ነው፤ ዋልካ። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ የያዘውን ጎማ አይለቅም።

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት በኮንትራት ሞተር ነው። ልጁ በሰዓቱ መጣ። ከተነጋገርነው ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመረም። የራስ ቆብም ይዞልኝ ነበር፤ ቢጠበኝም። የሚነዳው ቦክሰር የሚባለውን ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ነው። መንገድ ላይ ካቴናው ወለቀ። ወረደ፣ አስገባው፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ቀጠልን። የቦክሰር ካንዴላ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ በየወረዳ ከተማው ሱቅ ደጃፍ ተንጠልጥሎ ይታያል። የሚጠግነውም ልጅ እዚያው ጎን ተቀምጧል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ደላላው ግን ሌላ ጉድ ነው። ያገለገለ ኤቲቪ አለው ብለው ስልኩን ሰጡኝ። «አዲስ በለው፤ ሰው ያልነካው!» አለኝ። ገና ሳላየው የማሳያ ጠየቀኝ። ሊብሬው የት ነው ስለው «እሱ ይደርሳል» ነው መልሱ። ሊብሬ «ይደርሳል» ከተባለ ውል አትፈርሙ። እኔ ለማየት ያህል ሄድኩ፤ ግን ብቻዬን አይደለም።

ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚሠራ ሰው አግኝቼ ነበር። የሰዓቱን እከፍልሃለሁ፣ አብረኸኝ እይልኝ አልኩት። ከጉዞዬ ሁሉ ያላስቆጨኝ ክፍያ ይሄ ነው። ገና እንደደረስን ሞተሩን በእጁ ዳሰሰ። ትኩስ ነው። አስቀድመው አሙቀውታል ማለት ነው። ጠዋት በብርድ የማይነሳ ሞተር ሲሸጥ ሁሌም እንዲህ ነው የሚደረገው። «ይቀዝቅዝና እናየዋለን» ብሎ ቁጭ አለ። ደላላው ተቁነጠነጠ።

እስኪቀዘቅዝ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ ነጣ ብሏል፤ ውሃ ገብቶበታል። የአየር ፊልትሮውን ሲከፍት ውስጡ ጭቃ ነው። የፊት ጎማውን ላይና ታች ይዞ ነቀነቀ፤ ኩሽኔታው አልቋል። የአክስሉ የላስቲክ ሽፋን ተቀዷል። ከሥር ገብቶ ሻንሲውን አየ፤ የብየዳ ምልክት አለበት። በመጨረሻ የቺንጋውን፣ የላስቲክ ቀበቶውን፣ ቤት ከፍቶ አሸተተና ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን እኔ ብጠግነው ለኔ እንጀራ ነው። ላንተ ግን አይሆንም» አለኝ። ሌላ ምን አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ?

የቺንጋው ነገር ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ኤቲቪዎች ኃይሉን ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፉት በጎማ ቺንጋ ነው። ለመንዳት ቀላል ናቸው። ግን ከባድ ጭነት ይዞ በዝግታ ጭቃ ውስጥ መታገል ቺንጋውን ያሞቀዋል፤ ውሃ ከገባበት ይንሸራተታል፤ ከዚያ ይቃጠላል። የአጎቴ ሥራ ደግሞ በሙሉ እንዲህ ያለ ነው። ለዚህ ነው እኔ የሆንዳ ራንቸር 420 እና ፎርማን ወዳጅ የሆንኩት። ቺንጋ የላቸውም፤ በማርሽ ነው የሚሠሩት። አይበሩም፣ አይፎልሉም፣ ግን ይከርማሉ። የያማሃው ኮዲያክና የሱዙኪው ኪንግኳድ ቺንጋ ቢኖራቸውም በጥንካሬ ስማቸው ጥሩ ነው። የቻይናው ሲኤፍሞቶ በዋጋ ይረክሳል፤ ለተራራ ሽርሽር አይከፋም። መለዋወጫው በእጅ በማይገኝበት አገር ግን ርካሽነቱ ብዙ አይቆይም።

ከፍታውንም አትርሱ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሩብ ያህሉ ጉልበት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ካርቡሬተር ያለው በዚያ ላይ ነዳጅ ይበዛበትና ያጨሳል። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን ሞተር ጉልበቱ ቢቀንስም ቅልቅሉን አያዛባም። እናም ለጎጃም ደጋ ከ400 ሲሲ በታች የሆነ፣ አራቱም ጎማ የማይጎትት፣ ለሥራ አትግዙ።

ጭነቱስ? ራንቸር የሚጎትተው 385 ኪሎ ገደማ ነው፤ ተጎታቹን ጨምሮ። በያጅ ጋ ሄጄ ተጎታች ስንት ይመዝናል ብዬ ጠየቅኩ። የሠራውን ሁለት ሰው ሊያነሳው አልቻለም። ብረቱ ብቻ የጭነቱን ድርሻ ይበላል። ሌላም ጣጣ አለ። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ለአንድ ሰው ነው። ከኋላ ሰው ሲጫን ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣሉ። አጎቴ ደግሞ ጎረቤት መንገድ ዳር ቆሞ እያየ ጥሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ለሽርሽሩ ጮቄ ተራራ ግርጌ ከአንድ ገበሬ በቅሎ ተከራየሁ። ዋጋውን ሳንነሳ ተስማማን፤ ባለቤቱ እየመራ አብሮኝ ወጣ። ኮርቻው አሮጌ ነው፤ ወገቤ ያውቀዋል። ግን የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል መሃል ስንደርስ በቅሎዋ የመረጠችውን እግር መጣያ ሞተር አያገኘውም። ደግሞም የጮቄ ሣር ረግረግ ነው። የሙጋ፣ የሱሃ፣ የጨሞጋ ወንዞች ከዚያው ነው የሚነሱት። እዚያ ላይ ጎማ ማሽከርከር ነውር ነው፤ ኤቲቪ ብትወዱም በቅሎ ተከራዩ።

ከውጭ ልላክ ለምትሉ፦ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ያገደው በጥር 2016 ነው። ለባለ አራት ጎማ ሞተር ምን እንደሚሉ ጉምሩክን በጽሑፍ ሳትጠይቁ ኮንቴይነር ላይ አትጫኑ።

ለአጎቴ ለጊዜው ቦክሰር ገዛንለት፤ ነዶውን አህዮቹ ያጓጉዛሉ። ለክረምቱ ጥርሱ ሰፊ ጎማ እዚያው ጋራዥ አስቀየርንለት። መካኒኩ ጋ መሄድ ከፈለጋችሁ በገበያ ቀን አትሂዱ፤ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ነው። ከሰዓት በፊት፣ በማክሰኞ ወይ በረቡዕ ይሻላል።