ኤክስራንደር፦ ሴቲንጉ እምቢ ሲል ተርሚናሉ የሚሠራው ሥራ

ሊኑክስ ላይ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር ሰክታችሁ፣ ሴቲንጉ 1024 በ768 ላይ ቆሞ ወደ ላይ አልሄድ ካለ ዝጉትና ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። ኤክስራንደር (xrandr) ብላችሁ ጻፉ። ነጻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ተጭኖ ይመጣል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሊኑክስ ላይ ካሉት ትንንሽ መሣሪያዎች እንደሱ የጠቀመኝ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ምንም ሳትጨምሩ ስትጽፉት የግራፊክስ ካርዱን ፖርቶች በሙሉ ይዘረዝራል። የትኛው ላይ ስክሪን እንዳለ፣ ምን ምን ሪዞሉሽን እንደሚቀበል፣ በስንት ኸርዝ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ኮከብ ያለበት አሁን እየሠራ ያለው ነው፤ የመደመር ምልክት ያለበት ደግሞ ስክሪኑ ራሱ የሚመርጠው። የፖርቱ ስም እንደ ድራይቨሩ ይለያያል፣ አንዱ ማሽን ላይ ኤችዲኤምአይ-1 የሚባለው ኤኤምዲ ላይ ኤችዲኤምአይ-ኤ-0፣ ኤንቪዲያ ላይ ኤችዲኤምአይ-0 ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የሰው ትእዛዝ እንዳለ ኮፒ አታድርጉ፣ ስሙን መጀመሪያ ከራሳችሁ ማሽን አንብቡ።

ስክሪን ማዞር፣ ሁለተኛውን በግራ ወይም በቀኝ ማድረግ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ምስል ማሳየት፣ ይሄ ሁሉ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ከ2007 በፊት፣ ማለትም ኤክስራንደር የሚሠራበት ራንደር 1.2 ከመምጣቱ በፊት፣ ለዚህ ሲባል የኤክስኦርግ ኮንፊግ ፋይል ከፍቶ ማስተካከልና ኤክስን (ስክሪኑ ላይ መስኮቶችን የሚያሳየውን ሲስተም) እንደገና ማስነሳት የተለመደ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ያለው ግን የምትፈልጉት ሪዞሉሽን ከዝርዝሩ ሲጠፋ ነው። ስክሪን ሲሰካ ኢዲአይዲ የሚባል መረጃ ለካርዱ ይልካል፣ መነሻው 128 ባይት ብቻ ነው፣ "እኔ እንዲህ ነኝ፣ ይህን ይህን እችላለሁ" የሚልበት ነው። ቪጂኤ ኬብል ላይ ይህ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። ርካሽ ኬብል ከሆነ እነዚህ ሽቦዎች ጭራሽ ላይኖሩት ይችላሉ፣ ወይም ፒኑ ተጣሞ ይሆናል። ያኔ ስክሪኑም ደህና ነው፣ ካርዱም ደህና ነው፣ ግን አይተዋወቁም፤ ካርዱም ለጥንቃቄ ዝቅ ያለውን ይዞ ይቀመጣል። አዳራሽ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተር በረጅም ቪጂኤ ኬብል ተያይዞ ምስሉ ከደበዘዘና ከተለጠጠ፣ ፕሮጀክተሩን ከማማረራችሁ በፊት ይህን ጠርጥሩ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ሲቪቲ (cvt) 1920 1080 60 ብላችሁ ስትጽፉ ሞድላይን የሚባል ረጅም የቁጥር መስመር ያወጣል። ሞድላይን የሚለውን የመጀመሪያ ቃል ትታችሁ ቀሪውን በኤክስራንደር --ኒውሞድ (--newmode) አስመዝግቡ፣ ቀጥሎ በ--አድሞድ (--addmode) ከፖርቱ ጋር አያይዙት፣ ከዚያ በ--አውትፑትና በ--ሞድ (--output፣ --mode) ምረጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ አለ። ያ የሲቪቲ ትእዛዝ የሚያወጣው የፒክስል ክሎክ፣ ማለትም ነጥቦቹ ወደ ስክሪኑ የሚላኩበት ፍጥነት፣ 173 ሜጋኸርዝ ነው። ስሌቱ ለድሮዎቹ ባለ ቱቦ ስክሪኖች እንዲሆን፣ ጨረሩ ከመስመር መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ሰፊ ክፍተት ይተዋል። ጠፍጣፋ ስክሪን ያን ሁሉ ክፍተት ምን ያደርግለታል? የመጀመሪያዎቹ ኤችዲኤምአዮችና ነጠላ ሊንክ ዲቪአይ (ሌላ ዓይነት የስክሪን ፖርት) ደግሞ ጣሪያቸው 165 ነው፣ ስለዚህ 173ቱ አያልፍም፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሰውየውም "አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። ሲቪቲ ላይ -አር (-r) ጨምሩ። ያው ሪዞሉሽን፣ ያው 60 ኸርዝ፣ ክሎኩ ግን ወደ 138.5 ይወርዳል። ይሄን አንድ ፊደል የሚያውቅ ሰው አዲስ ካርድ ወይም አዲስ ኬብል ፍለጋ ከመዞር ይድናል።

ስትሞክሩ ደግሞ ከሞዱ ትእዛዝ ቀጥሎ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ ስሊፕ 15 (sleep 15) ጽፋችሁ ወደ ድሮው ሞድ የሚመልሰውን አስከትሉ፣ ሦስቱን በ; ለዩአቸው። ስክሪኑ ቢጨልም 15 ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ካማረላችሁ ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ፣ እዚያው ይቀራል።

ጉድለት አለው፣ አለው። ሪስታርት ስታደርጉ ሁሉም ይጠፋል፤ ትእዛዞቹን ሆም ፎልደር ውስጥ ባለው .ኤክስፕሮፋይል (.xprofile) ፋይል ማስገባት አለባችሁ። --ብራይትነስ (--brightness) የሚለው የስክሪኑን መብራት አይነካም፣ ምስሉን ብቻ ነው የሚያጨልመው፣ ባትሪ ለመቆጠብ ከሆነ አትድከሙ።

ትልቁ ችግር ግን ዌይላንድ ነው፣ ኤክስን እየተካ ያለው አዲሱ ሲስተም። ኤክስራንደር የተሠራው ለኤክስ11 (ከላይ ኤክስ ላልኩት) ነው፣ ዌይላንድ ላይ ዝርዝር ቢያወጣም ሞድ አያስጨምርም። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አብዛኛው ማሽን ላይ በዌይላንድ ነው የሚከፈተው፣ 25.10 ላይ ደግሞ የጂኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ኤክስ11 ሴሽን ጭራሹን ወጥቷል። በምትኩ እንደ ዴስክቶፑ ዓይነት፣ ኬዲኢ ላይ ኬስክሪን-ዶክተር (kscreen-doctor)፣ ጂኖም 48 ላይ ጂዲሲቲኤል (gdctl)፣ ስዌይ ላይ ደብሊውኤልአር-ራንደር (wlr-randr) አለ። በየቤቱ የተለያየ ትእዛዝ መሆኑ ያናድደኛል፣ አንዱን የተማረ ሰው ለሌላው እንደገና ይማራል። ከእነዚህ ውስጥ ስዌይ ላይ ያለው --ከስተም-ሞድ (--custom-mode) ስላለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይሻላል።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሚንት ሲናመን የሚባለውን ሊኑክስ የምትጠቀሙ ግን አትስጉ፣ እሱ ዛሬም ዋናው ሴሽኑ ኤክስ11 ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እንዳለ ይሠራላችኋል።