ከሰባቱ ቴፕ ስድስቱን ላተረፈልኝ ልጅ

ይህን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ነው የምሠራው። ከ1993 እስከ 1999 ዓ.ም የነበረው የተማሪ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፣ ወረቀቱን አይጥና ዝናብ ተካፈሉት። የቀሩት ሰባት የባክአፕ (የመጠባበቂያ ግልባጭ) ቴፖች ናቸው፣ በዓመት አንድ። ዲዲኤስ-3 ይባላሉ። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ቢበልጡ ነው፣ ውስጣቸው ግን 125 ሜትር ክር ተጠቅልሏል። መጋዘን ጥግ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ስንት ክረምት ከረሙ፤ የማርቆስን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ትራንስክሪፕት ፈላጊው አያቋርጥም። «የለም» ማለት ሰለቸኝ።

መጀመሪያ የ1999ን ቴፕ ሌላ ቦታ ወሰድኩ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሰውየው ገልጦ እንኳ ሳያይ ማሽን ውስጥ ከተተው። ቅርርር አለ፣ ክሩን በላው። «ባዶ ነው» ብሎ መለሰልኝ፣ ሂሳቡን ግን ተቀበለ!

ከዚያ ወዳጄ ባህር ዳር ያለውን ልጅ ጠቆመኝ። ቴፖቹን በነጠላ ጠቅልዬ በቡሬ በዳንግላ ጭኔ ላይ ይዤያቸው ሄድኩ። ልጁ ክዳኑን በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ አየ፣ አሸተተ። «ጋሼ፣ ሻግቷል፤ እንዲህ እያለ ማሽን ውስጥ አልከተውም» አለኝ። መረጃው ያለበት ብናኝ ክሩ ላይ የተያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ሻጋታው ደግሞ የማሽኑን ማንበቢያ ይደፍናል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ቴፕ ይበክላል። በጥቃቅን ካቻቢቴ ቀፎውን ፈታ፣ ክሩን አጽድቶ ንጹህ ቀፎ ውስጥ አዛወረው። የተበላውን አገላብጦ አየና «ይሄ ተጨማዷል፣ ገንዘብህን አልበላም» ብሎ መለሰልኝ።

ማንበቡም ሌላ ጣጣ ነበረው። ባክአፑ የተሠራበት የዊንዶውስ ፕሮግራም ከቪስታ ወዲህ የለም፣ ስካዚ የሚባለው የማሽኑ የድሮ ኬብልም የዛሬ ኮምፒውተር ላይ መሰኪያ የለውም። እሱ ግን ለዚሁ ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጧል። ቴፑን አንዴ ብቻ ያስሮጠውና ሙሉውን ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ ፋይል የሚፈልገው ከግልባጩ ነው። አንዱ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣለሁ።

ፋይሉ ተከፈተ። ውጤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስሞቹ ግን ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት። ሰሙ ወጣ፣ ወርቁ ቀረ በሉት። እሱ ግን ገና ሲያየው ሳቀ። የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው፣ የዛሬ ኮምፒውተር በሚያነበው በዩኒኮድ አይደለም። ፊደሉን ሲቀይርልኝ የመጀመሪያው መስመር ላይ የወጣው የአሁኑ የፊዚክስ መምህራችን ስም ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሒሳቡ 51። እስካሁን አልነገርኩትም።

ጉድለቱንም ልናገር። ቀርፋፋ ነው፣ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ግን ያልተሳካውን አላስከፈለኝም፣ ቴፖቹንም አንድ ሳያጎድል መለሰልኝ። የማይሆነውን አይሆንም የሚል ባለሙያ ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። እስከዚያው የሻገተ ቴፕ ያላችሁ እባካችሁ «እስቲ ልሞክረው» እንዳትሉ።

ከ1993 እስከ 1998 እኛ ጋ የተማራችሁ ደግሞ ኑ፣ ትራንስክሪፕታችሁ ተገኝቷል። የ1999ዎች፣ ይቅርታ።